ሌላስ ምን ጻፈ?

የመረጃ ፍለጋ መምህሩን ተማሪዎቹ «ትምህርተ ጥቅስ» ይሉታል። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከየእጁ ሁለት ሁለት ጣቱን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ «በጥቅስ ውስጥ! በጥቅስ ውስጥ አስገቡት!» ሲል ያላየው ተማሪ የለም። ቅጽል ስሙን ያውቃል፣ አይከፋበትም። ቅጽል ስም የሚወጣለት የሚፈራ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ ለሚጠላ ሰውም እንደሚወጣለት ደፍሮ የነገረው የለም።

እውነቱን ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሃያ አራት ኮምፒውተሮች አሉት፤ አራቱ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ላስቲክ ለብሰው ጥግ ይዘዋል። በቀሩት ሃያዎቹ አርባ ልጅ ሁለት ሁለት እየሆነ ይማራል። ግድግዳው ላይ ራሱ በሰማያዊ ቀለም የጻፋቸው ሦስት ሕጎች አሉ። አንደኛው «ጥያቄ አትጻፍ፣ ሦስት ቃል ጻፍ» ይላል። ሁለተኛው «የምታውቀውን ዓረፍተ ነገር በጥቅስ ውስጥ አስገባ» ይላል። ሦስተኛው ረዘም ይላል፦ «ስታገኝ አትቁም። ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? ሌላስ ምን ጻፈ?»

የመጀመሪያውን ሕግ ሲያስተምር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንዱ ምስኪን «ጥርሴን በጣም እያመመኝ ነው እናቴ ደግሞ ሐኪም ቤት አልወሰደችኝም ምን ላድርግ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከኋላው ይቆምና ጮክ ብሎ ያነብለታል። «ማሽኑ እናትህን የት ያውቃታል? ጥርስ፣ ሕመም፣ ማስታገሻ። አለቀ! በእናትህ ላይ ያለህን ቅሬታ ለእናትህ ንገራት።» ልጁ ፊቱ ይቀላል፤ ትምህርቱ ግን ዕድሜ ልኩን አይጠፋውም።

ፍቅሩ ግን ሁለተኛው ሕግ ነው። በየመንፈቁ መጨረሻ «የእጥበት ቀን» የሚላት አንዲት ክፍለ ጊዜ አለችው። ተማሪዎቹ ለቋንቋ መምህሩ የጻፉትን ድርሰት ይሰበስብና፣ ከመካከሉ አማረች ያላትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነቅሎ፣ በጥቅስ ውስጥ አስገብቶ፣ ግድግዳውን በሚሞላው ፕሮጀክተር ይፈልጋታል። ዓረፍተ ነገሯ ከሌላ ሰው ገጽ ላይ ቁጭ ብላ ከተገኘች ባለ ድርሰቱ ይነሣል፤ ደወል እስኪደወል ቆሞ ይሳቅበታል። ይህን ለማየት ከሌላ ክፍል ሳይቀር ሾልከው የሚገቡ አሉ። አንድ ልጅ ከእጥበት ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ቆየ። «ታጥቦ ነዋ!» አለ ትምህርተ ጥቅስ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻዩን እያማሰለ።

ወደ ሦስተኛው ሕግ ብዙ ጊዜ አይደረስም። ሳቁ ሰዓቱን ይበላዋል።

በዚያ ዓመት አንድ አዲስ ነገር መጣ። በሌላ ከተማ ያለ አዳሪ ኮሌጅ ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ምግቡንና መኝታውን ችሎ በነፃ ሊያስተምር ቃል ገባ። መመዘኛው ድርሰት ነበር፤ ርዕሱም «በቤታችን ያለ አንድ ዕቃ»። አንደኛ የወጣችው ቀለሜዋ ናት። ቀለሜዋ ያሏት ከመጽሐፍ ላይ ዓይኗን ስለማታነሣ ነው፤ ሳትጠየቅ የማትናገር፣ ደወል ሲደወል ግን ከሁሉ ቀድማ ወደ ቤቷ የምትሮጥ ልጅ። አባቷ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ ነው ይባላል። ሁለተኛ የወጣችው ደግሞ የትምህርተ ጥቅስ የእህቱ ልጅ ነበረች።

ርዕሰ መምህርቷ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን ድርሰቶች ሰጡት። «ከሰው የተገለበጠ እንዳይኖርበት ያረጋግጡልኝ። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስሙን ወደ ኮሌጁ እልካለሁ» አሉት። ቢሮው ቁጭ ብሎ፣ በሩን ዘግቶ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነበር። እሱ ግን ረቡዕን የእጥበት ቀን አደረጋት።

ሕሊናውን እንዴት እንዳባበለ እሱ ያውቃል። አምስቱንም እኩል እፈትሻለሁ አለ፤ ፈተሸም። ከእህቱ ልጅ ድርሰት የመረጠው «ይህ ሰዓት የአያቴ ነበር፣ አሁን ግን የእናቴ ነው» የሚለውን ነበር። ማሽኑ ምንም አላገኘም። «ንጹሕ!» አለ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። የቀለሜዋን ድርሰት ግን እርሳስ ይዞ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ከሁሉ የምታምረዋን ነቀለ። ድርሰቱ ስለ አንድ ዕቃ ቤት በር ነበር።

«ያ በር የሚቆለፈው በውጭ በኩል ነው፤ የታሰርነው ግን በውጭ ያለነው ነን።»

«ይቺን» አለ ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ፣ «ይቺን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አትጽፋትም።» በጥቅስ አስገባት። አንድ ውጤት መጣ፤ አንድ ብቻ። ጠቅ ሲያደርገው በሽተኛ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች የሚጻጻፉበት ገጽ ተከፈተ። «የበር ዘበኛ» የሚባል ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈው ነው፤ ዓረፍተ ነገሯም አንድ ፊደል ሳይጎድልባት እዚያው ቁጭ ብላለች። ክፍሉ «ኡ!» አለ።

ቀለሜዋ ሳትጠራ ተነሥታ ቆመች።

«ማን ነው የጻፈው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ድርሰቱን ነው ወይስ ይህንን?»

ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። ከዓረፍተ ነገሯ በታች ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ሁለት መስመሩ ይታያል፣ የቀረው ከብርሃኑ በታች ነው።

«እንግዲያው የበር ዘበኛዋ አንቺ ነሻ!» አለ፣ ክፍሉን በዓይኑ እየጠቀሰ። ክፍሉ አውካካ። «ጥሩ! ዘበኛዋ ከሆንሽ ከታች ምን እንደተጻፈ ታውቂዋለሽ። ልውረድና አብረን እናንብበው?» ጣቱን የማውሱ ጎማ ላይ አሳረፈ።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«ገልብጫለሁ» አለች።

«አልሰማንሽም።»

«ገልብጫለሁ፣ ቲቸር። ከሰው ነው የገለበጥኩት። ይዝጉት።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ትምህርተ ጥቅስም ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል፣ ከልቡ ደስ አለው። ሰው በገዛ አፉ ሲያምን የሚሰማው ደስታ ሌላ ነው። ገጹን ዘጋው። ቀለሜዋ ደወል እስኪደወል ቆመች፤ ሲደወል ግን እንደ ወትሮዋ አልሮጠችም። እየተጎተተች ወጣች።

በምሳ ሰዓት የቋንቋ መምህሩ፣ ሽበት የወረሳቸው ሰውዬ፣ ማረፊያ ክፍል ድረስ መጡበት።

«ያቺን ልጅ ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ» አሉት። «ገልባጭ አይደለችም። እጇን አውቀዋለሁ።»

«ማሽኑም ያውቀዋል፣ ጋሼ። አገኛት።»

«ያገኘኸውን ሰውዬ ማን እንደሆነ አይተሃል?»

«ራሷ አምናለች እኮ! ያመነ ሰው ላይ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አንሥተው ሌላ ወንበር ፈለጉ። ትምህርተ ጥቅስ ትከሻውን ነቀነቀና ዳቦውን ገመጠ።

ሐሙስ ከሰዓት ርዕሰ መምህርቷ ቅጽ ላኩለት። የልጅቷን ስም የሚሰርዘውን ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት ምንጩ በወጉ እንዲሞላላቸው ይፈልጋሉ፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ አድራሻው የት ነው። ክፍሉ ባዶ ነበር። ትምህርተ ጥቅስ ገጹን ከፈተና፣ «ማን» የሚለውን ለመሙላት ብሎ የበር ዘበኛ የሚለው ስም ላይ ጠቅ አደረገ። ሰውየው እስካሁን የጻፈው ሁሉ ተዘርግፎ መጣ። አሥራ አንድ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያዋ አጭር ነበረች።

«ዛሬ ትምህርት ቤት መረጃ ፍለጋ ተማርን። ጥያቄ አትጻፉ፣ ሦስት ቃል ጻፉ አሉን። አባት፣ አእምሮ፣ ቤት ብዬ ጻፍኩ፣ እናንተን አገኘሁ። ለካ እኛ ብቻ አይደለንም። አስተማሪዬን እግዜር ይስጥልኝ።»

አንዴ አነበባት። ደግሞ አነበባት። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ወረደባቸው። አባትየው ባሕር ማዶ አልነበረም። ከቤታቸው ኋላ ባለችው ዕቃ ቤት ነበር፤ አእምሮው ከታወከ አራት ዓመቱ ነው። እናትየው ሥራ ስለምትውል ቁልፉን የምትይዘው ልጅቷ ናት። ደወል ሲደወል የምትሮጠው ምሳውን ልታበላው ነው። ሲጮህ ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮ ትከፍታለች። አንድ ቀን ምግብ ይዛ ስትገባ እናቱ መስላው እጇን ይዞ «እማዬ፣ መቼ ነው የምታስወጪኝ?» እንዳላት ጽፋለች። ያቺ ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው በማግስቱ ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ብቻ ነበረው፦ «ኮሌጁ ያለበት ከተማ የአእምሮ ሐኪም ቤት አለ። ዕድሉ ከወጣልኝ እናቴም አባቴም አብረን እንሄዳለን። በሩን ከፍቼው ነው የምወጣው።»

ትምህርተ ጥቅስ አፈረ፤ እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ። ስንት ዓመት ያስተማረውን ሕግ ራሱ አልሠራበትም። አንድ ስም ላይ አንዴ ጠቅ ማድረግ ነበር፣ ሌላ አይደለም። ማተሚያው ከክርኑ ሥር ነው። ሁለት ገጽ አትሞ፣ ርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ «ተሳስቻለሁ፣ ልጅቷ የገለበጠችው ከራሷ ነው» ቢል ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ተነሥቶ ማተሚያው ላይ ወረቀት ሞላበት።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እንደ ልጇ ያሳደገችው፣ የሆስፒታል አንሶላ አጥባ ያስተማረችው እሷ ናት።

«ወንድምዬ፣ ሰማህልኝ ወይ? ልጄ አንደኛ ሆነች አሉ እኮ!»

«ገና ነው እታለም። ነገ ነው የሚታወቀው።»

«ምን ገና አለው? ያቺ ሌባ ተያዘች አይደል! ደግሞ በማን እጅ? በአንተ! እኔ እኮ በነዚህ እጆቼ አንሶላ ስፈትግ፣ አንድ ቀን ይደርስልኛል እያልኩ ነበር። ይኸው ደረስክልኝ። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት እህል አልቀመሰችም፤ ሻንጣ አውጥታ ልብሷን እያጣጠፈች ነው።»

«እታለም...»

«ምነው? ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«ምንም። ጉንፋን ነው።»

ስልኩን ገና ሲያስቀምጥ በሩ ተንኳኳ። ቀለሜዋ ነበረች። ፈጥኖ ገጹን ዘጋው። ገብታ ላስቲክ ከለበሱት ኮምፒውተሮች አጠገብ ቆመች። ስለ ኮሌጁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። ያ ገጽ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«ለምን ይጠፋል?»

«ልጆቹ ሊፈልጉት ነው። ዓረፍተ ነገሯን በቃላቸው ይዘዋታል፤ በጥቅስ ማስገባቱን ደግሞ እርስዎ አስተምረዋቸዋል።» ወቀሳ አልነበረበትም፤ እንዲያው እንደ ወሬ ነው የነገረችው። «ከትናንት ጀምሮ የስልክ ኢንተርኔት ስለሌለ ነው እንጂ እስካሁን ያገኙት ነበር። ካገኙት ከታች ያለውን ያነቡታል።»

«ገጹ የአንቺ ምንሽ ነው?»

«የማውቃት ሰው ናት የጻፈችው። የቤቷ ገመና ነው። እንዲጠፋላት ትፈልጋለች፣ ግን የይለፍ ቃሉን ረስታዋለች። ስልኳ እኔ ጋ ነው።»

እሱ የማያውቅ መሰለ። እሷም አለማወቁን ያመነች መሰለች።

የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር በእሱ ክፍልና በርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ብቻ ይሠራ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከዚያ በኋላ የሆነው ትምህርተ ጥቅስ በዕድሜው ካስተማረው ሁሉ የተዋጣለት ትምህርት ነበር። ድምፁ ለስላሳ ነው። የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚታደስ አሳያት፤ በስልኳ የመጣላትን ቁጥር አስገባች፤ ገጹ «እንኳን ደህና መጡ፣ የበር ዘበኛ» አላት። ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ከመሰረዝ ይልቅ አካውንቱን ከነሥሩ መሰረዝ እንደሚሻል አስረዳት። ገጹ ቢጠፋም የፍለጋው ማሽን ቅጂውን ለጥቂት ቀን ይዞ ሊቆይ እንደሚችል፣ እሱንም የሚያስነሣ ማመልከቻ እንዳለ ነግሯት፣ እዚያው አብሯት ሞላ። ስታቋርጠው አልተቆጣም፤ ደግማ ስትጠይቀው ደግሞ መለሰላት። ማንንም እንዲህ በትዕግሥት አስተምሮ አያውቅም።

በመጨረሻ ማሽኑ ጠየቀ። «ይህ ከተሰረዘ አይመለስም። እርግጠኛ ነዎት?»

ጣቷ ማውሱ ላይ ቆመ። «ሁሉም ነው የሚጠፋው?» አለች። «የመለሱላትም? እነዚያ በርቺ ያሏት ሰዎች?»

«ሁሉም።»

ጊዜው አሁን ነበር። ማተሚያው ወረቀት ጠግቦ፣ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ከአጠገባቸው ተቀምጧል። «ቆይ፣ መጀመሪያ እናትመው፤ ለርዕሰ መምህርቷ ብቻ ላሳያቸው» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። ልጅቷ ይህ ገጽ የሚመሰክርላት ብቸኛ ነገር መሆኑን ከፍርሃቷ ብዛት አላሰበችውም፤ የታያት የምትጠብቀው በር ብቻ ነው። እሱ ግን አስቦታል። የእህቱን እጅ አሰበ፤ ሻንጣውን አሰበ፤ ረቡዕ የተሳቀውን ሳቅ አሰበ፤ ነገ ያ ሳቅ ወደ ማን እንደሚዞር አሰበ። ለእህቴ ብዬ ነው ይበል እንጂ፣ ከሁሉ ያስፈራው ይህ የመጨረሻው ነበር።

«አዎ የሚለውን ተጫኚ» አላት።

ተጫነች። ገጹ ነጭ ሆነ። ልጅቷ ከትናንት ወዲህ ገና ያን ጊዜ የተነፈሰች መሰለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ቲቸር» ብላው ወጣች። በመስኮት ተመለከታት፤ እየሮጠች ነበር።

ከዚያ ቅጹን ሞላ። ማን ጻፈው ለሚለው «ያልታወቀ ሰው» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ ጠዋት ርዕሰ መምህርቷ አድራሻውን ቢያስገቡ ባዶ ገጽ መጣባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«የለም እኮ! የት ሄደ?»

«አስጠፍታው ይሆናላ» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «የተያዘ ሰው ምን የማያደርገው አለ? እኔ አይቼዋለሁ፣ አርባ ልጅም አይቶታል። ደግሞስ በገዛ አፏ አምና የለ?»

«መረጃ መደበቅ ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው» አሉ፤ ይህንንም ደብዳቤው ላይ ጨመሩት። አራት ሰዓት ላይ የእህቱ ልጅ ስም ተላከ። ደብዳቤው ለሌሎች ማስተማሪያ ይሁን ተብሎ፣ «የተሰረቀችው» ዓረፍተ ነገር ሳትቀር፣ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። የልጅቷ ስም አልተጠቀሰም፤ የማያውቃት ግን አልነበረም።

ቀለሜዋ ዓመቱን እንደምንም ጨረሰችና ቀረች። አሁን ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ ትተይባለች፤ ምሳ ሰዓት ሲሆን ቆልፋ ትሮጣለች። ትምህርተ ጥቅስ ፎቶ ኮፒ ሲያስፈልገው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቤት ይሄዳል።

በዓመቱ አዲስ ክፍል፣ አዲስ አርባ ልጅ መጣ። የእጥበት ቀንም ደረሰ። ትምህርተ ጥቅስ የአምናዋን ታሪክ ማስፈራሪያ አድርጎ ይዟታል፤ ስንት ጊዜ እንደተረካት እሱም አያውቅ፣ በተረካት ቁጥር ግን ለራሱም እውነት እየመሰለችው መጥታለች። «በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዕድሏን ያጣች ልጅ ነበረች» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሯን ሰሌዳው ላይ ጻፋት።

ከፊት የተቀመጠች ባለ መነጽር ልጅ ተነሣች። «እንፈልጋት፣ ቲቸር?»

እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ። «በጥቅስ ውስጥ!» አለ ጣቶቹን አጣጥፎ፤ አርባው ልጅም አብሮት ጣቱን አጣጠፈ። አንድ ውጤት መጣ፤ አንድ ብቻ። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው።

ባለ መነጽሯ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ሦስተኛውን ሕግ በጣቷ እየቆጠረች ሠራችበት። «ማን ጻፈው? ትምህርት ቤታችን። መቼ ጻፈው? አምና። ግን ልጅቷ ድርሰቷን የጻፈችው ከዚህ ደብዳቤ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው የለም። ገጹን አስጠፋችው ይላል፤ የሰው ገጽ እንዴት ታስጠፋለች?» ወደ እሱ ዞረች። «ታዲያ ከማን ነው የገለበጠችው፣ ቲቸር?»

የትምህርተ ጥቅስ ጣቶች አየር ላይ እንደታጠፉ ቀሩ። አርባ ልጅ መልሱን ይጠብቃል፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

«ቁጭ በይ!» አላት።

ልጅቷ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ደወል እስኪደወል ድረስ አላስቆማቸውም።